ሸክላው ዕቃ ነውን ወይስ ጥበብ?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ፥ ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ማክሰኝት፥ ከበለሳ የሚመጣው መንገደኛ ከጎንደር ዙሪያ ገበሬ ጋራ የሚገናኝባት የእህልና የከብት ገበያ ናት። ወደዚች ገበያ የገባ ሰው ጤፉንና ሽምብራውን፥ በጉንና ፍየሉን አልፎ ወደ ዳር ሲወጣ፥ በጭድ ላይ ተደርድረው ገዢ የሚጠብቁትን ጀበናዎች፥ ማሰሮዎች፥ ምጣዶችና ጋኖች ያገኛል። ሸክላ ከገበያው ዳር የሚቀመጠው እንዳይሰበር ነው የሚል ቢኖር የእውነቱን ግማሽ ተናግሯል። ሌላው ግማሽ ግን ከዕቃው ጋራ ሳይሆን ከሠሪዎቹ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ሸክላ ሠሪዎች በሰሜኑ ደጋ በብዙ ሥፍራ ከመንደሩም ከማኅበሩም ዳር እንዲቀመጡ ሲደረጉ የኖሩ ናቸውና።

ከዚህ ጉዳይ ጋራ የማይገናኝ የሚመስል ክርክር በውጭው ዓለም የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲደረግ ቆይቷል። ክርክሩም፥ ሰው የሚገለገልበት ዕቃ የጥበብ ሥራ ሊባል ይችላልን፥ ወይስ ጥበብ የሚባለው ለዓይንና ለልብ ብቻ የተሠራው ነው የሚል ነው። ማርሴል ዱሻ የተባለው ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 በኒው ዮርክ ከሱቅ የተገዛ የወንዶች መሽኛ ገንዳ ስም አውጥቶለት ለትርኢት በላከ ጊዜ (ምሳሌው ለጨዋ ጆሮ የማይመች ቢሆንም ሊቃውንቱ ዘወትር የሚጠቅሱት እርሱን ነው) አዘጋጆቹ ከሕዝብ ዓይን ሰወሩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ እየተስፋፋ ሄዶ፥ የማይቀመጡበት ወንበርና የማይቀዳበት ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ ቀራፂዎች በየሀገሩ ተነሡ። ብዙ ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ ለተከመረበት ሹም ይህ የጠገበ ሰው ወሬ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በኢትዮጵያ፥ በተለይም በጎንደር ዙሪያ፥ በዕቃና በጥበብ መካከል የተሠመረው መሥመር በመጽሐፍ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በሰው ላይ አልፎ፥ ማን ከማን ጋራ እንዲበላ፥ ማን ከማን ጋራ እንዲጋባ፥ ማን ርስት እንዲኖረው ሲወስን የኖረ መሥመር ነው።

በዚህ መሥመር ላይ ቆመው ከሚሠሩት ከዛሬዎቹ ኢትዮጵያውያን ቀራፂዎች ስማቸው በዓለም እጅግ የታወቀው አቶ ኤልያስ ስሜ ናቸው። አቶ ኤልያስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በአዲስ አበባ ተወልደው፥ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ተመረቁ። የሚሠሩበት ነገር ዕብነ በረድ ወይም ነሐስ አይደለም፤ ቁልፍና ክር፥ ጭቃና ጭድ፥ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚሰበሰብ የተጣለ ሽቦና የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የስትራቪንስኪ የሙዚቃ ድርሰቶች በፒተር ሴለርስ አዘጋጅነት በመድረክ ላይ ሲታዩ፥ በመድረኩ የቆሙት ዙፋኖች የአቶ ኤልያስ እጅ ሥራ ነበሩ። እነዚያ ዙፋኖች ከቤተ መዘክር ቢቆሙ ቅርጽ ናቸው፤ በመድረኩ ላይ ግን ንጉሥ የሚቀመጥባቸው መንበሮች ሆኑ። እንዲሁም የሥነ ሰብእ ሊቅ ከሆኑት ከመስከረም አሰግድ ጋራ በአዲስ አበባ ያቆሙትና በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የዞማ ቤተ መዘክር ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ሲሆን፥ በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጌጥ ከግድግዳው ተለይቶ የሚነሣ አይደለም። የሚታየው ጌጥ ጣራውን ከሚሸከመው ጭቃ ጋራ አንድ አካል ነው። የአሜሪካው ስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ቤተ መዘክር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ሽልማት የሰጣቸው ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ለባዕድ አድናቂ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ላደገ ሰው ግን ምን አዲስ ነገር አለው? የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ እነርሱን የሠራ ግንበኛ ነው ወይስ ቀራፂ ብሎ የሚጠይቅ ካህን ግን አልተሰማም፤ ቅርጽ ናቸው፥ ይጸለይባቸዋልም። የመስቀሉ ሐረግ በነሐስና በብር የሚፈለፈለው ባርኮት ለመስጠት ነው። መቋሚያው ማሕሌት ቆሞ ለሚያድር ደብተራ ምርኩዝ፥ ለዝማሜውም መሣሪያ ነው። አትሮንሱ መጽሐፍ ይይዛል፤ ጽናው ዕጣን ያጤሳል፤ ጸናጽሉና ከበሮው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሁሉም ግን ያለ ጌጥና ያለ ቅርጽ አይሠሩም። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 31 እንደ ተጻፈ፥ እግዚአብሔር ባስልኤልንና ኤልያብን በስም ጠርቶ በጥበብና በማስተዋል መንፈስ የሞላቸው ለዓይን ደስታ ብቻ የሚሆን ሐውልት እንዲያቆሙ አይደለም፤ የሠሩት ታቦት፥ ገበታ፥ መቅረዝ፥ የመታጠቢያ ሰንና የካህናት ልብስ ነው። ይህም ሁሉ አገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ ነው። መጽሐፉ ጥበብ ብሎ የሚጠራው እንግዲህ እጅን ከልብ፥ ዕቃን ከውበት ሳይለይ የሚሠራውን ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድ ጥበብ የሚለው ስም ከሸክላ ሠሪዋ ላይ እንዴት ተነሣ ቢባል፥ ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። በግእዝ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፥ ብልህ፥ ባለ ጥበብ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው የአማርኛው ጠይብ ግን በሰሜኑ ሀገር አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን መናቂያ፥ ከዚያም አልፎ ቡዳ ነው ብሎ መፍሪያ ሆነ። አንድ ቃል በሁለት ቤት አድሮ፥ በመጽሐፉ ቤት ክብር፥ በመንደሩ ቤት ስድብ የሆነበት ከዚህ የሚብስ ምሳሌ በአማርኛ ብዙ አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ይህን ተመልክተው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ዛሬም በየመንደሩ ይሰማል።

የሲራክ መጽሐፍ በምዕራፍ 38 ላይ ስለ ቀጥቃጩና ስለ ሸክላ ሠሪው የሚናገረው ለሹማምንት እንደ ተጻፈ መልእክት ሊነበብ የሚገባው ነው። ሸክላ ሠሪው ልቡን በሥራው ላይ አድርጎ፥ ሥራውን አሳምሮ ለመፈጸም እንደሚተጋ ይገልጥና፥ ያለ እነዚህ ሰዎች ከተማ እንደማይቆም፥ ነገር ግን በሸንጎ እንደማይቀመጡና ለምክር እንደማይጠሩ ያመለክታል። ሲራክ ይህን ሲጽፍ የመጻሕፍትን ሰው ከእጅ ሠራተኛው ማብለጡ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም የከተማው መሠረት እነማን እንደሆኑ አልደበቀም። በማክሰኝትም ሆነ በሌላው ገበያ ስለ ገበያው ቦታ አከፋፈል ምክር ሲደረግ ስንት ሸክላ ሠሪዎች ተጠርተው እንደ ነበር የሚመለከታቸው ሹማምንት መዝገባቸውን ገልጠው ቢመለከቱ መልካም ነው።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ወለቃ የዚህን ነገር ታሪክ ከሁሉ አብልጣ ታሳያለች። በወለቃ የነበሩት፥ በልማድ ፈላሻ እየተባሉ ሲጠሩ ራሳቸውን ግን ቤተ እስራኤል ይሉ የነበሩት ሰዎች፥ ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፥ ሴቶቹ በሸክላ ይተዳደሩ ነበር። በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነትና በአናጢነት ማገልገላቸውን የታሪክ ጸሐፍት ይመሰክራሉ። ወደ እጅ ሥራ ያዘነበሉበት አንዱ ምክንያት ርስት መነፈጋቸው ነበር። መሬት እንዳይወርሱ የተደረጉት ሰዎች ያንኑ መሬት በእፍኝ ዘግነው፥ ለውሰው፥ በእሳት አጽንተው እንጀራቸውን አወጡበት።

አሠራሩን ቀርቦ ያየ ሰው ቀላል ነው ብሎ አይናገርም። አፈሩ ተቆፍሮ፥ ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ ተነፍቶ፥ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋራ ይለወሳል። በሌላ ሀገር እንደሚደረገው በእግር የሚሽከረከር መንኰራኵር የለም፤ ሠሪዋ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦለች ክብ በክብ ላይ ትደራርባለች፤ ውስጡንና ውጭውን በእጇና በገል ታስተካክላለች፤ ከዚያም በለስላሳ ድንጋይ እስኪያብለጨልጭ ታሸዋለች። በጥላ ከደረቀ በኋላ በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ይተኰሳል። ነፋሱ ድንገት ቢለወጥ፥ ወይም ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ ቢገባ፥ የሳምንት ሥራ በአንድ ሰዓት ገል ሆኖ ይቀራል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት ሲተረት ሰሚው ይስቃል፤ ገሉ ከየት እንደ መጣ ግን አይጠየቅም።

ከዚህም ሁሉ በላይ ዳኛው ዓይን አይደለም። ምጣዱ ተሰጥቶ በጎመን ዘር በተሟሸ ጊዜ፥ ውፍረቱ በየቦታው እኩል ካልሆነ እንጀራው በአንድ ወገን ያራል፥ በሌላው ወገን ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ አንገቷ ያለ ልክ የሰፋ ጀበና አተላውን ከቡናው ጋራ ትለቃለች፤ ሆዱ የተዛባ ጋን ጠላ ሲሞላ ይሰነጠቃል። በሣር ቤት ጫፍ ላይ የሚደፋው ገንቦም ለቤቱ ዘውድ ይመስላል እንጂ፥ ሥራው ዝናቡ በምሰሶው ጫፍ እንዳይገባ መከልከል ነው። አንድ ቀራፂ በትርኢት ላይ ያቆመው ቅርጽ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ተብሎ ሊቃውንት ለዓመታት ይከራከሩበት ይሆናል። የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ግን በመጀመሪያው ማለዳ በምድጃ ላይ ይፈረድበታል።

በወለቃ የሆነው እንግዲህ እንዲህ ነው። የውጭ ሀገር ጎብኚዎች ወደ ጎንደር መምጣት ሲያዘወትሩ፥ ጋንና ምጣድ ተሸክሞ በአውሮፕላን መሄድ የማይቻል ነገር ነውና፥ ሴቶቹ ትንንሽ ምስሎችን ወደ መሥራት ዞሩ። አንበሳ፥ ወፍ፥ እንስራ ያዘለች ሴት፥ መጽሐፍ የያዘ ካህን፥ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተሠርቶ በመንገድ ዳር ተደረደረ፤ ከዚያም በባሕር ማዶ ቤተ መዘክሮችና በሰብሳቢዎች ቤት ገባ። በዚህ ጊዜ የሚያስገርም ነገር ታየ። ጭቃው ያው ጭቃ፥ እጁም ያው እጅ ነው፤ ያች ሴት ማሰሮ ስትሠራ ጠይብ ተብላ ስትፈራ፥ የጣት ቁመት ያለው አንበሳ ስትሠራ ግን የጥበብ ሰው ተብላ ፎቶግራፏ ይነሣ ጀመር። ከ1977 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የቤተ እስራኤል ማኅበረ ሰብ አብዛኛው ክፍል ወደ እስራኤል ሲሄድ፥ ሙያው በወለቃ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከቀሩት ጎረቤቶች መካከል ሸክላውን ተምረው ምስሎቹን የቀጠሉ አሉ። የሄዱትም ሴቶች አንዳንዶቹ በሄዱበት ሀገር ሥራውን አልተዉም።

ነገር ግን ለእንግዳ ዓይን ብቻ የሚሠራ ነገር ዕድሜው በእንግዳው መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ በወረርሽኙ፥ ቀጥሎም በሰሜኑ ጦርነት፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የጎብኚው ቍጥር ሲመነምን፥ የምስሉ ገዢ አብሮ ቀረ። ምጣድ የምትፈልገው የማክሰኝት እናት ግን አልቀረችም። በዚህ ላይ፥ ለጎብኚ ተብሎ በጥድፊያ ከሚወጣው ምስል ብዙው ደረጃው የወረደ መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ ሳይታሽና በቅጡ ሳይተኰስ የሚሸጥ፥ በመንገድ ላይ አንገቱ የሚቀነጠስ ብዙ ነው። ማሰሮ ሠሪዋ እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ ወደ ገበያ ብትወጣ ሁለተኛ የሚገዛት አታገኝም ነበር። መገልገያነት ለጥበብ ጠባቂው እንጂ ጠላቱ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በሌላ ወገን፥ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለስ ብሎ መጮህም ፍርድ ማጣት ነው። እንስራ ባዶውን ሳለ ከባድ ነው፤ ውሃ ሞልታ አዝላው ዳገት የምትወጣውን ሴት ወገብ ያጐበጠ ዕቃ ነው። ጀሪካን በመጣ ጊዜ ሴቶች እንስራውን ጥለው ጀሪካኑን ቢይዙ የሚወቅሳቸው የተሸከመ ሰው ሊሆን አይችልም። የኤሌክትሪክ ምጣድም ጭሱን አስቀርቷል፤ ሆኖም ከላዩ ያለው ሰሌዳ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ሸክላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሸክላው በሚረታበት ቦታ ይረታ። በማይረታበት ቦታ ግን፥ በጀበናው፥ በምጣዱ፥ ወጥ በሚጣፍጥበት ድስት፥ ጠላ በሚቀዘቅዝበት ጋን፥ ሠሪዋ ንቀትን ሽሽት ሙያዋን የምትተው ከሆነ የጠፋው ነገር በፕላስቲክ የሚተካ አይደለም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ የእናቷን ሙያ ለመናገር የምታፍር ሆና ሳለ፥ ሙያው ለሚመጣው ትውልድ እንዲተላለፍ መመኘት ከንቱ ነው።

ይህን ችግር ሌሎች ሕዝቦች እንዴት እንደ ያዙት መመልከት ይጠቅማል። የጃፓን ሕዝብ የአውሮፓን ኢንዱስትሪ ፈጥኖ በተቀበለበት ዘመን፥ ያናጊ ሶኤትሱ የተባሉት ሊቅ ስማቸው ያልታወቀ ሠራተኞች የሠሩት የዕለት ዕቃ፥ ሳህኑና ማሰሮው፥ ከታላላቆች ሥራ የማያንስ ውበት እንዳለው አስተማሩ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936ም በቶኪዮ ለዚሁ ነገር ቤተ መዘክር አቆሙ። መንግሥቱም በ1955 ሐማዳ ሾጂን፥ ማሽኮ በምትባል መንደር ተቀምጠው ማሰሮና ሳህን ይሠሩ የነበሩትን ሰው፥ የሀገር ቅርስ ጠባቂ ብሎ በማዕርግ መዘገባቸው። ጃፓን ሩቅ ነው የሚል ቢኖር ናይጄሪያ አፍሪካ ናት። ላዲ ክዋሊ የተባሉት ሴት በመንደራቸው እንደ እናቶቻቸው የውሃ ገንቦ በእጃቸው እየገነቡ ያደጉ ነበሩ፤ ዛሬ በናይጄሪያ ባለ 20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ ሸክላ ሲሠሩ የሚያሳየው ምስላቸው ታትሞ ይገኛል። የውሃ ገንቦ ሠሪ ሴት በመንግሥት ገንዘብ ላይ! በኢትዮጵያ ይህ ይሁን የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ቢገኝ ከሳቅ በቀር ምን መልስ ያገኝ ነበር?

ከገንዘብ ኖት በፊት የሚቀድም ቀላል ነገር አለ። የመሬት አስተዳደር ሹማምንት ወል መሬትን ለእርሻ፥ ለቤትና ለሌላ ሥራ ሲያከፋፍሉ፥ ለሸክላ የሚሆነው አፈር በሁሉ ሥፍራ የማይገኝ መሆኑን ዐውቀው፥ የሚቆፈርበትን ጥቂት ቦታ ለሠሪዎቹ በመዝገብ ቢያጸኑላቸው ለመንግሥት የሚያስወጣው ወጪ የለም። የከተማ አስተዳደሮችም ለሸክላ ተራ ጥላ ያለውና ከብት የማይረግጠው ቦታ መስጠት አያቅታቸውም። የባህል መሥሪያ ቤቶች በየትርኢቱ የሚያቀርቡት ሸክላ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ስሙን ከዕቃው ጋራ ቢያኖሩ፥ አቶ ኤልያስ ስሜ ለሚያቆሙት ዙፋን የሚደረገው ክብር በትንሹም ቢሆን ለባለ ጀበናዋ ይደርሳት ነበር። ለቀራፂው የሚሰጠው ክብር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን እርሳቸው ከጥበብ ወደ ዕቃ የሄዱበትን መንገድ ባለ ጀበናዋ ከዕቃ ወደ ጥበብ ስትመጣ የሚከፍትላት በር ጠባቂ መጥፋት የለበትም።

የካህናቱ ድርሻ ግን ከሹማምንቱ ይበልጣል፤ የቡዳ ወሬ በአዋጅ እንደማይጠፋ በ1900 ዓ.ም. የተነገረው አዋጅ ራሱ ምስክር ነውና። ይህን ወሬ ከሰው ልብ ሊነቅል የሚችለው የንስሐ አባት ነው። በየወሩ በቅዱሱ ወይም በእመቤታችን ስም ማኅበር ሲጠጣ፥ የጽዋው ማሰሮ ተሸፍኖ፥ ጸሎት ተደርሶበት፥ ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ወደ ሌላው በክብር ይሸኛል። ያ ማሰሮ በሸክላ ሠሪዋ መዳፍ ውስጥ ተለውሶ፥ ጣቷ አርፎበት፥ እሳቷ ነክቶት የወጣ ነው። ማሰሮውን በክብር የሚቀበለው ማኅበር ሠሪዋን ከደጅ የሚያስቀምጥ ከሆነ፥ የሚቀበለው ምኑን እንደሆነ ማኅበሩን የሚባርከው ካህን ሊጠይቅ ይገባዋል። ለማኅበር አዲስ ማሰሮ የሚያዝ አለቃም ሠሪዋ ጭቃው ሳይደርቅ በሥሩ ስሟን እንድትጽፍበት ቢያዛት፥ በእሾህ ጫፍ የሚፈጸም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እርሷ ፊደል ያልቈጠረች እንደሆነ ትምህርት ቤት የገባው ልጇ ይጽፍላታል።